የመጨረሻው እጅ፤ ስለ ቡና በቤት አፈላል

(በሐዋሳ ከተማ በአንድ የቅዳሜ ከሰዓት የውይይት መድረክ ላይ በቃል የቀረበና ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሎ የተጻፈ ንግግር)

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ስለ ቡና እንድናገር ስጋበዝ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ እምቢ ማለት ነበር። ሐዋሳ ላይ ቆሞ ስለ ቡና መናገር ለዓሣ አጥማጅ ስለ ሐይቁ እንደ መንገር ሆኖ ታይቶኝ ነበር። ቡና የእንግዳ መቀበያ፣ የሽምግልና፣ የሐዘንም የደስታም መጠጥ ስለ መሆኑ ከእኔ የተሻሉ ብዙዎች ስለ ተናገሩ ያንን አልደግመውም። ይዤ የመጣሁት ጠበብ ያለ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በጥንቃቄ የተመረተ፣ ስፔሻሊቲ የሚባለው ቡና ከቤታችን ደጃፍ ከገባ በኋላ በእጃችን ምን እንደሚደርስበትና ምን ብናደርግለት በውስጡ ያለውን ጣዕም ሙሉ በሙሉ እንደሚሰጠን ነው።

አንድ ሲኒ ቡና እኛ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ያለፈባቸውን እጆች እስቲ አስቡ። ችግኙን ተክሎ የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት 3 ወይም 4 ዓመት የጠበቀ እጅ አለ። በመልቀሚያው ወራት በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴውን ትቶ የቀላውን እሸት ብቻ የለቀመ፣ የቀረው ሲደርስም ወደዚያው ዛፍ ደጋግሞ የተመለሰ እጅ አለ። በማጠቢያ ጣቢያው ገንዳ ውስጥ የሚብላላውን ቡና ሌሊት ተነሥቶ በመዳፉ እያሸ፣ ሙጫ መሰሉ ልባስ መልቀቅ አለመልቀቁን ከድምፁና ከሻካራነቱ የሚያውቅ ሠራተኛ አለ። ከዚያ በኋላ ከፍ ብሎ በተሠራው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ፀሐይ ሲበረታ የሚሸፍኑ፣ ሲበርድ የሚገልጡ፣ ቀኑን ሙሉ እያገላበጡ የተሰበረውንና የጠቆረውን እየለቀሙ የሚያወጡ ሴቶች አሉ። የታጠበው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ ከነገለፈቱ የሚደርቀው ጀንፈል ደግሞ ሦስት ሳምንት ገደማ እንዲህ ሲጠበቅ ከርሞ እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ሲደርስ ይነሣል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጨረሻው እጅ ይመጣል፤ እርሱም ምጣዱንና ጀበናውን የሚይዘው የእኛ እጅ ነው። የዓመታት ልፋት በዚህ እጅ በ10 ደቂቃ ውስጥ ወይ ይገለጣል፣ ወይ ይጠፋል።

ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ የገዛ ጥፋቴን ነው የምናገረው። ለ11 ዓመት በዚሁ ከተማ በቡና ቅምሻ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው፤ 8.25 ግራም ቡና ይመዘናል፣ 150 ሚሊ ሊትር ትኩስ ውሃ ይፈስበታል፣ 4 ደቂቃ ሲሆነው ከላይ የረጋው አረፋ በማንኪያ ይገፈፋል፣ ከዚያም ከአንዱ ኩባያ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ በማንኪያ መማግ፣ መትፋትና ውጤት መጻፍ ነው። ታዲያ አንድ ዓመት አክስቴ ከበንሳ ስትመጣ በጨርቅ ከረጢት 2 ኪሎ የሚሆን ቡና ይዛልኝ መጣች። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ የለቀመችው ነበር። «የጓሮዬ ነው፤ አንዲት ጥቁር ፍሬ ብታገኚበት እኔን አትበይኝ» አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ ዘይቱ ወጥቶ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ቆላሁት፤ ወቀጥሁት፤ ጀበናው ሦስት ጊዜ እስኪገነፍል አፈላሁትና ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምሬ ሰጠኋት። አክስቴ ጠጥታ መረቀችኝ። በማግስቱ ከዚያው ቡና አንድ እፍኝ ወደ ሥራ ይዤ ሄጄ፣ ለቅምሻ በሚቆላበት ልክ ቀለል አድርጌ ቆልቼ ቀመስኩት። የኮክና የማር ጣዕም ነበረው፤ ኋላው ላይ ሎሚ ልጣጭ የሚያስታውስ ንጹሕ መዓዛ ነበረው። ማንኪያውን እንደ ያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። በየቀኑ የሰው ቡና ቀምሼ ውጤት የምሰጥ ሰው፣ ለገዛ አክስቴ የገዛ ጓሮዋን ጣዕም አጥፍቼ ነበር ያቀረብኩላት። ቤት ውስጥ ስለማፈላው ቡና መጠንቀቅ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ስፔሻሊቲ ቡና የሚለው ስም በየካፌው ደጃፍ ስለሚጻፍ ትርጉሙ ላልቷል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላጥብቀው። ስሙ የሚሰጠው በሠለጠኑ ቀማሾች ከ100 ነጥብ 80 እና ከዚያ በላይ ላገኘ፣ በጥሬነቱም ሲመረመር በ350 ግራም ናሙና ውስጥ አንድም ከባድ ጉድለት ላልተገኘበት ቡና ነው። በአገራችን የደረጃ አሰጣጥ ጥሬው ቡና ሲታይ 40፣ ሲቀመስ 60 ነጥብ ይያዝለታል፤ ከፍተኛ ደረጃ ያገኘውም በስፔሻሊቲነት ይመደባል። በ2012 ዓ.ም. ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው የቡና ጥራት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲካሄድ 1ኛ የወጣው የሲዳማው የበንሳ ቡና ነበር፤ የአቶ ንጉሤ ገመዳ ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ በ185.10 ዶላር ተሸጠ። በኪሎ ሲታሰብ ከ400 ዶላር በላይ ማለት ነው። በንሳ ከዚህ ጠዋት የተነሣ ሰው ለምሳ የሚደርስበት ስፍራ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለው ቡና በአጠገባችን እያለፈ እኛ የማናውቀው ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት በእኛ እጅ ያልነበረ ነው። ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡናን በአገር ውስጥ መሸጥ ለረጅም ጊዜ በሕግ የተከለከለ ስለ ነበረ፣ በየገበያው የምንገዛው በአብዛኛው ከውጭ ገበያው መለኪያ በታች የቀረውን ነበር። አገራችን ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሷ ትጠጣለች፤ ነገር ግን የምትጠጣው ግማሽ ምርጡ ግማሽ አልነበረም። ቡናን አጥቁሮ የመቁላት ልማዳችንም ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ጉድለት ያለበትን ቡና ጠቆር አድርጎ መቁላት ጉድለቱን ይሸፍናል፤ እናቶቻችን ያደረጉት ብልሃት ነበር። ብልሃቱ ግን ጉድለት በሌለበት ቡና ላይ ሲውል የሚሸፍነው ጥሩውን ጣዕም ነው። ዛሬ በከተማችን ደረጃውን የጠበቀ ቡና በጥሬውም በተቆላ መልኩም ይገኛል፤ ዘመድ ከገጠር የሚያመጣልን ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

የታሸገ ቡና የምትገዙ ከሆነ ከከረጢቱ ፊት ይልቅ ጀርባውን አንብቡ። ወረዳውና ከተቻለ የማጠቢያ ጣቢያው ስም፣ የበቀለበት ከፍታ፣ የታጠበ ወይም ጀንፈል መሆኑ፣ ከሁሉም በላይ የተቆላበት ቀን ሊጻፍበት ይገባል። አንዳንዱ ላይ 74110፣ 74112 ወይም 74158 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። እነዚህ ከጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ዝርያዎች ናቸው። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡናን ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ አጥቁሮ የሚያረግፍ በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ፣ ተመራማሪዎች ከደቡብ ምዕራብ ጫካዎች በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን ፈልገው መረጡ፤ 74 የሚለውም የተመረጡበትን 1974 እ.ኤ.አ. ያመለክታል። ሲዳማና ጌዴኦ ውስጥ ደግሞ አርሶ አደሩ ራሱ ኩሩሜ፣ ወሊሾና ደጋ እያለ የሚጠራቸው የቆዩ ዝርያዎች አሉ። የተቆላበት ቀን ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንድ ጊዜ በወርቃማ ጽሑፍ ያጌጠ፣ ዋጋውም የከበደ ከረጢት ከአንድ ሱቅ ገዝቼ ስከፍተው የሸተተኝ የከረመ ቆሎ ነበር፤ ቀን የሚባል ነገር አልተጻፈበትም። የተቆላ ቡና በከረጢቱ ውስጥ ሆኖ እንኳ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ መዓዛው እየደበዘዘ ይሄዳል፤ የተፈጨ ቡና ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ መድከም ይጀምራል። ዋጋውን በተመለከተ አንድ ስሌት ብቻ ልስጣችሁ፤ ለአንድ ትልቅ ኩባያ 15 ግራም ይበቃል፤ ስለዚህ 250 ግራም የያዘ ከረጢት 16 ኩባያ ይወጣዋል። ዋጋውን ለ16 አካፍሉና ካፌ ገብታችሁ ከምትከፍሉት ጋር አስተያዩት።

ወደ አቆላሉ ልምጣ፤ ምክንያቱም የቤታችን ብረት ምጣድ ብዙዎች እንደሚያስቡት ደካማ መሣሪያ አይደለም። ድክመቱ ሙቀቱ እኩል አለመዳረሱ ነው፤ ይህም በትንሽ መጠን በመቁላትና ሳያቋርጡ በማማሰል ይቃለላል። ከ150 ግራም በላይ አታድርጉበት። መካከለኛ እሳት ላይ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ደቂቃ ገደማ አረንጓዴው ፍሬ ወደ ቢጫነት ይለወጣል፤ ሽታውም ከሣር ወደ ዳቦ ይሄዳል። ከዚያ ቡናማ እየሆነ ሄዶ በዘጠነኛው ወይም በአሥረኛው ደቂቃ ላይ መንጣጣት ይጀምራል። ይህ የመጀመሪያው መንጣጣት የሚመጣው የፍሬው ሙቀት 200 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ በውስጡ የታመቀው እንፋሎትና ጋዝ ፍሬውን ከፍቶ ሲወጣ ነው። እናቶቻችን ይህን ድምፅ እንደ መነሻ አድርገው ወደ ፊት ይቀጥላሉ፤ እኔ ግን እንደ መድረሻ እንድትሰሙት እለምናችኋለሁ። ከጀመረ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በኋላ ምጣዱን አውርዱና ወዲያው በሰፌድ ላይ በትኑት፤ እያነፈሳችሁም ገለባውን አስወግዱ፤ ምክንያቱም ፍሬው ከእሳት ከወረደ በኋላም በራሱ ሙቀት መቆላቱን ይቀጥላል። ቀለሙ የቀረፋ ልጣጭ መልክ ሲኖረው፣ ላዩም ደረቅና ዘይት የሌለው ሲሆን ልክ ነው። ከዚህ አልፎ ሁለተኛው መንጣጣት ከመጣ፣ ከበንሳም ይምጣ ከይርጋጨፌ፣ የምትጠጡት የእሳቱን ጣዕም ነው።

እዚህ ላይ ከልማዳችን ጋር የሚጋጭ አንድ ነገር አለ። በሥርዓታችን ቡና ተቆልቶ፣ ጢሱ ለእንግዳ ዞሮ፣ ወዲያው ተወቅጦ ይፈላል። የዚያ ጢስ ደስታ በምንም የሚለወጥ አይደለምና እኔም አልተውኩትም። ይሁን እንጂ ገና የተቆላ ቡና በውስጡ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚይዝ ጋዙ ውሃው ወደ ዱቄቱ እንዳይገባ ይገፋዋል፤ ጣዕሙም የተዘበራረቀ ይሆናል። ቀለል ብሎ የተቆላ ቡና ቢያንስ አንድ ቀን፣ ቢቻል ከ5 እስከ 10 ቀን በደንብ በሚገጠም ዕቃ ውስጥ ሲያርፍ ጥርት ይላል። ስለዚህ እኔ ለእንግዳ የማጤሰውን ቡና ዛሬ ቆልቼ፣ የማፈላውን ባለፈው ሳምንት ከቆላሁት እወስዳለሁ። ሁለቱም ደስታ ይገኛል።

ስለ መፍጨት ብዙ አልልም። በእጅ የሚዞር፣ ሁለት ጥርሶቹ የሚፈጩ መፍጫ መግዛት የቻለ ገንዘቡን ከሁሉ አስቀድሞ በዚያ ላይ ያውለው። ያልቻለ ሙቀጫና ዘነዘናውን ይጠቀም፤ ነገር ግን ወንፊት ይጨምርበት። ሙቀጫ የሚያስቸግረው ደቃቅ አቧራና ትልልቅ ስባሪ አብሮ ስለሚያወጣ ነው፤ አቧራው ከልክ በላይ ለቅቆ ሲመርር፣ ስባሪው ሳይለቅ ቀርቶ ይጎመዝዛል። እንግዲህ አቧራውን በወንፊት አውጡ፣ ትልልቁን መልሳችሁ ውቀጡ፣ መካከለኛውን ለአፈላል ያዙ።

አሁን ረዘም አድርጌ ልናገርበት ወደምፈልገው ነገር ደርሻለሁ፤ እርሱም ውሃ ነው። የፈላ ቡና ከ98 በመቶ በላይ ውሃ ሆኖ ሳለ ስለ ቡና ስንነጋገር የምናነሣው መጨረሻ ላይ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በየ300 ሜትሩ ከፍ ባልን ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ በመሆኑም እዚህ ከተማ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በ92 ይፈላል። ለአጣርቶ አፈላል የሚመከረው ሙቀት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ነው። በባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚኖሩ ሰዎች ለራሳቸው ሁኔታ ያወጡት፣ ውሃው ከፈላ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ጠብቁ የሚለው ምክር እዚህ ሲተገበር ይጎዳል፤ የእኛ ውሃ ገና ሲፈላ ልኩ ላይ ነው። እንዲያውም የእኛ ችግር የተገላቢጦሽ ነው፤ በቀዝቃዛ ማጥለያና በቀዝቃዛ ኩባያ ላይ ስናፈስሰው ከ90 በታች ይወርድና ቀለል ብሎ የተቆላው ቡና ጣፋጭነቱን ሳይሰጥ ይቀራል። ስለዚህ ዕቃችሁን በፈላ ውሃ አሙቁ፤ ውሃውንም እየተንተከተከ ሳለ አፍስሱት።

ሁለተኛው ነገር በውሃው ውስጥ የሟሟው ማዕድን ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለን ሰዎች የከርሰ ምድር ውሃችን በብዙ ስፍራ ሶዲየም ባይካርቦኔት የበዛበት ነው። ባይካርቦኔት አሲድን ያረክሳል፤ የሲዳማንና የይርጋጨፌን ቡና በዓለም ላይ ያስወደደው ደግሞ ያው የፍራፍሬ አሲዱ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ክረምት የሰፈራችን ቧንቧ ለሳምንታት ጠፍቶ በጉድጓድ ውሃ ስንጠቀም ነው። ቡናው ያው፣ መጠኑ ያው፣ እጁም የእኔው እጅ ሆኖ ሳለ ሲኒው ውስጥ ያገኘሁት ልሙጥ ነገር ነበር። በአቆላሉ አመካኘሁ፣ ደግሜ ቆላሁ፤ ከዚያ በአፈጫጨቱ አመካኘሁ። በመጨረሻ ከሱቅ በገዛሁት ማዕድኑ ቀለል ባለ የታሸገ ውሃ ሳፈላው ሎሚው ተመልሶ መጣ። ለቡና የሚስማማ ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ 150 ሚሊ ግራም አካባቢ የሟሟ ማዕድን ያለው ነው፤ ብዙ የታሸጉ ውሃዎች ይህን ቁጥር በጎናቸው ላይ ጽፈውታልና አንብቡት። ፍጹም ባዶ የሆነ የተጣራ ውሃም አይበጅም፤ ጣዕሙን ከዱቄቱ ስቦ የሚያወጣው ማግኒዥየምና ካልሲየም ጥቂት ያስፈልጋል። ሁሉን ቀን በታሸገ ውሃ አፍሉ ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ አንዱን ቡና በሁለት ዓይነት ውሃ አፍልታችሁ ጎን ለጎን ቅመሱ፤ ከዚያ በኋላ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

አጣርቶ የማፍላቱ ነገር ቀላል ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. ሜሊታ ቤንትስ የተባለች በጀርመን የድሬስደን ከተማ እመቤት አተላው ቢያስቸግራት ከልጇ ደብተር ላይ ቀለም መምጠጫ ወረቀት ወስዳ በተበሳ ዕቃ ላይ ቡና አጠለለች፤ ዛሬ ቪ60 ወይም ሌላ ስም የምንሰጠው መሣሪያ ሁሉ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው። 15 ግራም ቡና በሚዛን መዝኑ፤ በማንኪያ አትገምቱ፤ ቀለል ብሎ የተቆላና ጠቆር ያለ ቡና በማንኪያ እኩል ሆነው በሚዛን ይለያያሉና። ወረቀቱን በፈላ ውሃ አርጥቡት፤ የወረቀት ሽታውም ይሄዳል፣ ዕቃውም ይሞቃል። መጀመሪያ 45 ግራም ውሃ ብቻ አፍስሱና 40 ሰከንድ ያህል ጠብቁ፤ ዱቄቱ እንደ ሊጥ ኩፍ ሲል ታያላችሁ፤ ያ ጋዙ ሲወጣ ነው። ከዚያ ቀስ እያላችሁ በክብ እያዞራችሁ 250 ግራም እስኪሞላ ጨምሩ። 3 ደቂቃ ገደማ ላይ ጠልሎ ያልቃል። ከቡናው ውስጥ መጀመሪያ የሚወጣው ጎምዛዛው፣ ቀጥሎ ጣፋጩ፣ በመጨረሻ መራራው ስለሆነ ማስተካከያውን ምላሳችሁ ይነግራችኋል። ጥርስ የሚያጠርስና የሳሳ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ አድቅቃችሁ ፍጩ፤ መራራና አፍ የሚያደርቅ ከሆነ አሻክራችሁ ፍጩ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አትለውጡ።

ይህን ስናገር ጀበናን የተውኩት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እንዲያውም የወረቀቱን አፈላል የውጭ ሰው ወግ ነው ብለው የሚቆጡ አሉ። ቁጣቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ሁለቱ መሣሪያዎች የሚሠሩት የተለያየ ሥራ ነው። ወረቀት ዘይቱንና ደቃቁን ይዞ ስለሚያስቀር ጥርት ያለ፣ እንደ ሻይ የቀለለ ቡና ይሰጣል፤ ጀበና ዘይቱን ስለማይነጥቅ ወፈር ያለና አፍ የሚሞላ ይሰጣል። የጀበና ብልሃቱ በሆዱና በአንገቱ ነው፤ አተላው በክቡ ሆድ ውስጥ ሲሰክን ቡናው በጠባቡ አንገት በኩል ያለ ማጥለያ ጠርቶ ይወጣል። የሚጎዳው ጀበናው አይደለም፤ ከሰሉ ላይ ደጋግሞ ማንተክተኩ ነው። እኔ አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ግማሽ ሊትር ውሃ በጀበናው ብቻውን እንዲፈላ አደርጋለሁ፤ 30 ግራም ሻከር ብሎ የተወቀጠ ቡና ጨምሬ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ አንገቱ ሲነሣ ወዲያው አወርደዋለሁ፤ በማቶቱ ላይ 5 ደቂቃ አዘንብዬ አሰክነዋለሁ። ሲቀዳ ፈጥኜ ሳላቋርጥ እቀዳለሁ፤ ምክንያቱም ጀበናው ቀና ባለ ቁጥር አተላው ይታወካል። ከዚህ የሚወጣው አቦል ከበንሳ የመጣ ከሆነ የበንሳ ነው፤ ከሐምበላ ከሆነ የሐምበላ ነው። ቶናውንና በረካውን በተመለከተ፣ በዚያው አተላ ላይ ውሃ ብቻ ሲጨመርበት የሚቀረው መራራው ስለሆነ ለቶና አንድ ማንኪያ አዲስ ዱቄት እጨምርለታለሁ። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ አባካኝነት ነው ብለው ነበር፤ አሁን በየቤታቸው ያደርጉታል።

ጣዕሙን በምን ቃል እንደምንጠራው ደግሞ ላንሣ። በሥራዬ ላይ ሳለሁ የምንሞላቸው ቅጾች የሚጠቅሷቸው ፍራፍሬዎች አብዛኞቻችን አይተናቸው የማናውቃቸው ነበሩ፤ በዚህ ምክንያት ሰዉ ይህ ቅምሻ የሚሉት ነገር የሊቃውንት ጉዳይ ነው ብሎ ይሸሻል። የእኛ ቋንቋ ግን ለዚህ አይደኸይም። ትርንጎ አለን፤ ኮክ፣ ጊሽጣ፣ እንጆሪና ብርቱካን አሉን፤ ነጭ ማርና ቀይ ማር ለይተን እናውቃለን። ከይርጋጨፌ ቡና የሚወጣውን የአበባ መዓዛ ለመግለጽ ሌላ አበባ መፈለግ እንኳ አያስፈልግም። በበልግ ዝናብ ማግስት ነጭ ሆኖ በሚያብበው የቡና ማሳ ውስጥ ያለፈ ሰው ያንን ሽታ ያውቀዋልና የቡና አበባ ሸተተኝ ቢል ይበቃል።

አንድ እሑድ እማማ የምላቸው የሰማንያ ዓመት ጎረቤቴ ቤቴ መጡ። ከአርቤጎና የመጣ የታጠበ ቡና በወረቀቱ አጥልዬ በሲኒ ሰጠኋቸው። ቀላ ያለውን መልኩን አዩና «ይሄ ውሃ ነው» አሉኝ። ትንሽ እስኪበርድ እንዲጠብቁልኝ ለመንኳቸው፤ የፍራፍሬ ጣዕሙ ለብ ሲል ይበልጥ ይወጣልና። ሲበርድ አንድ ጊዜ ፉት አሉ፤ ቆዩ፤ ደገሙ። ከዚያ ሲኒውን ወደ ብርሃን ጠጋ አድርገው ውስጡን ተመለከቱና «ምን ጨመርሽበት?» አሉኝ። ምንም፣ አልኳቸው። «ትርንጎ ጨምረሻል እንጂ! ልጅ ሳለሁ አባቴ ጓሮ የነበረ ትርንጎ ነው የሸተተኝ።» የተጨመረ ነገር እንደሌለ ለማሳየት ዱቄቱን አስሸተትኳቸው። እርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ከቡና ጋር የኖሩ፣ ከእኔ ይልቅ ብዙ ጀበና ያፈሉ ሰው ናቸው፤ ያንን ትርንጎ ግን ከቡና ውስጥ ያገኙት ያን ዕለት ነው።

እነሆ በዚያ ጥግ ባለው ጠረጴዛ ላይ ውሃው እየፈላ ነው። ከአንድ ወረዳ የመጡ፣ በአንድ ቀን የተቆሉ ሁለት ቡናዎች አዘጋጅቻለሁ፤ አንዱ የታጠበ፣ ሌላው ጀንፈል ነው፤ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ አሁን አልነግራችሁም። በመጀመሪያው ሲኒ የመጣላችሁን የፍራፍሬ ስም በመግቢያው በተሰጣችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ስኳርም አለ፤ ነገር ግን ከመጨመራችሁ በፊት አንድ ጉንጭ ብቻ እንዲሁ ቅመሱልኝ። ከኋላ የተቀመጣችሁ እናቶች ቅድሚያ ውሰዱ።